ወዳጆ የያዘው ገጽ

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የወዳጆ በቅሎ ብቻዋን ወደ ቤት ተመለሰች። ኮርቻዋ ከሆዷ ሥር ተገልብጦ፣ ልጓሟ ጭቃ ላይ ይጎተት ነበር። እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ከደጃፍ ቆመው ሲያዩዋት ልጃቸው ከኋላ በእግሩ የሚመጣ መስሏቸው መንገዱን ሲመለከቱ ቆዩ። ጉሙ ግን ከአጥሩ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ እንኳን አያሳይም ነበር።

ወዳጆ በጓሳ እየዞረ ካርታ የሚሠራ ሰው ነበር። ጓሳ የመንዝ ሰው በጋራ የሚጠብቀው ደጋ ነው፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በሽማግሌዎች ቃል ይከፈታል። በተዘጋበት ዘመን በግ አይገባበትም፣ ማጭድ አይነሣበትም። ሲከፈት ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ሕዝብ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚያሳይ ካርታ ይኑር ተባለና ዘመሮ ላይ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ተቋቋመ። ወዳጆ ከበቅሎው ጋር እየዞረ መንገዱን፣ ምንጩን፣ ገደሉን በታብሌት ይመዘግባል። አርሴማ የምትባል የራቤል ከተማ ልጅ ደግሞ ቢሮ ተቀምጣ እሱ የላከውን ታስተካክላለች።

ወዳጆ ለስላሳ ሰው ነበር፤ በሥራው ግን ግትር። በእግሩ ያልረገጠው መንገድ ካርታ ላይ እንዲገባ አይፈቅድም። አርሴማ ከሳተላይት ፎቶ አይታ አንድ መስመር ስትስል «እሱ የጎርፍ መውረጃ ነው እንጂ መንገድ አይደለም» ይላታል። ሄዶ አይቶት ይመጣል። አንዳንዴ መንገድ ሆኖ ይገኝና ሁለቱም ይስቃሉ።

ካርታው በገጽ በገጽ ተከፋፍሎ አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። አንድን ገጽ ሊያርም የተነሣ ሰው መጀመሪያ ይቆልፈዋል። ከዚያ በኋላ እሱ እስኪለቀው ድረስ ሌላው ገጹን ያየዋል፣ ያነበዋል፣ አንዲት መስመር ግን መለወጥ አይችልም። አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያውቅ እንዳያፈርሰው ተብሎ ነው። ከቁልፉ ጎን የቆላፊው ስምና አጭር ምክንያት ይጻፋል። ወዳጆ በጠፋበት ጠዋት የምሥራቁን ገደል ገጽ ቆልፎ ነበር የወጣው። ምክንያቱን «እስክመለስ» ብሎ ጽፏል።

የጓሳ ጠባቂዎችና የአካባቢው ሰው በገደሉ አፋፍ ተሰልፈው ስሙን ጠሩ። ጉሙ ድምፃቸውን እየዋጠ፣ አንዳንዴም የራሳቸውን ጥሪ ካላሰቡት አቅጣጫ እየመለሰ አወናበዳቸው። «አቤት አለ!» ብሎ የሮጠ ነበር፤ ሮጦ ሲደርስ የጠራው ሰው ጋ ይደርሳል። ዝናቡ አላባራ አለ። ከገደሉ ሥር ወንዙ ሞልቶ ያገሳል። በመጨረሻ «ወንዝ ወስዶታል» ተባለና ሰው ወደ ቤቱ ገባ።

ወይዘሮ ዘነበች ግን ድንኳን አላስጣሉም፣ ጥቁርም አልለበሱም። የንስሐ አባታቸው ቄስ ኪዳነ ሬሳ ባይገኝም ፍትሐት ማድረስ እንደሚቻል ነገሯቸው። «ይቆይ አባ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

*

ጥቅምት ገባና ሰማዩ ጠራ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጓሳ በጥር ይከፈት ሲሉ ወሰኑ። ካርታው መጠናቀቅ ነበረበት፤ የቀረው ደግሞ ወዳጆ የቆለፈው ገጽ ብቻ ነው። ሰርቨሩን አዲስ አበባ ሆኖ የሚያስተዳድረው በዕውቀቱ ለአርሴማ ደወለላት።

«ቁልፉን ዛሬ ማታ እሰብርልሻለሁ» አላት። «የኃላፊ ሥልጣን ስላለኝ እችላለሁ። አንቺ ነገ የድሮውን ካርታ አምጥተሽ ቀሪውን መንገድ ሳይበት። ወፍ አይደርሴ የሚባለው ጋ ወደ ታች የሚወርድ መንገድ ነበር አይደል?»

«ድሮ ነበር ይላሉ። ወዳጆ ሊያየው ነው የሄደው።»

«እሱማ...» አለ። «በቃ፣ እንግዲህ ምን እናደርጋለን። የድሮውን እንጠቀም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አርሴማ ገጹን ከፈተችው። ቀይዋ የቁልፍ ምልክት ቦታዋ ላይ ነበረች። ወዳጆ። እስክመለስ።

ለበዕውቀቱ ደወለች። «ረሳኸው እንዴ?»

«ምኑን? ሰብሬዋለሁ እኮ!» የኮምፒውተሩን ቁልፎች ሲመታ ይሰማታል። «ቆይ... ተቆልፏል። ዛሬ ጠዋት ነው የተቆለፈው። እሺ፣ አሁን ድጋሚ እሰብረዋለሁ። እያየሽ ነው?»

ምልክቷ ጠፋች። አርሴማ እጇን ወደ ማውሱ ሰደደች። ገና ሳትነካው ምልክቷ ተመልሳ በራች።

«ተመለሰ» አለች።

«ቆይ።» ጠፋች። ተመለሰች። «ቆይ እስቲ።» ጠፋች። አሁንም ተመለሰች።

መጀመሪያ ላይ በዕውቀቱ እየሳቀ ነበር። እየቆየ ሳቁ ቀረ። ሁለቱም ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ምልክቷን ያዩ ጀመር። ውጭ ፀሐይዋ የዘመሮን ቆርቆሮ ጣሪያዎች ታንጸባርቃለች፤ ከገበያው የበግ ድምፅ ይመጣል። በጠራራ ቀን፣ ሰው በሚተላለፍበት ከተማ መሐል፣ አርሴማ ብርድ ብርድ አላት።

«አንድ ሰው ታብሌቱን አግኝቶታል» አለ በዕውቀቱ በመጨረሻ። «አግኝቶ እያበራው ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከሰዓት ሞክሪው፤ እኔም አንድ ጊዜ እሰብረዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ገጹ ክፍት ነበር። አርሴማ የድሮውን ካርታ ከጎኑ ዘርግታ የወፍ አይደርሴን መንገድ መሳል ጀመረች። መስመሩ ከአፋፉ ላይ ተነሥቶ ወደ ገደሉ ገባ። አስቀምጥ የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። መንገዱን ሰው አልረገጠውም። የረገጠው አንድ ሰው ቢኖር አልተመለሰም። የሳለችውን ሁሉ አጥፍታ ዘጋችው። ለበዕውቀቱ «እምቢ አለኝ» ብላ ጻፈችለት። በሕይወቷ ለሥራ ባልደረባዋ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቁልፉ ተመልሶ ነበር።

*

በዕውቀቱ የወዳጆን ስም ከሰርቨሩ ሊሰርዘው አሰበ። «ስሙ ከጠፋ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል» አላት። አርሴማ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ ብላ ለመነችው፤ ታብሌቱን ያገኘ ሰው እንዳለ ልትጠይቅም ወደ ወይዘሮ ዘነበች ቤት ሄደች።

ወይዘሮ ዘነበች ከበረቱ ደጃፍ አንዲት እግሯ የተሰበረ ጠቦት ጭናቸው ላይ አስተኝተው በቀርከሃ ስንጣሪ ያስሩ ነበር። ለበግ ስብራት ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር እሳቸው ጋ ይመጣ ነበር። አርሴማን ሳያዩ «ነይ፣ ይቺን ያዥልኝ» አሏት። ያዘችላቸው። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ጨርቁን ጠምጥመው ቋጠሮውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እማማ» አለች አርሴማ፣ «የወዳጆን ታብሌት አገኘሁ ብሎ የመጣ ሰው አለ?»

«የለም። ምነው?»

ልትሸሽግ አስባ ነበር። ፊታቸውን ስታይ አልሆነላትም። ስለ ገጹ፣ ስለ ቁልፉ፣ ቢሰበርም እየተመለሰ ስለ መያዙ በተቻላት መጠን አቅልላ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ዘነበች ጠቦቷን ቀስ ብለው መሬት አኖሯት።

«ስሙ ተጽፏል ነው የምትይው?»

«ተጽፏል።»

«ሌላስ ምን ይላል?»

«እስክመለስ ይላል እማማ። ግን እሱ ያን ጊዜ ነው የጻፈው፣ ሐምሌ ላይ...»

«ዛሬስ ይላል?»

«ዛሬም ይላል።»

ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የያዘ ሰው ሞቷል አይባልም» አሉ። «አስለቅቂው ቢሉሽ እሺ እንዳትይ፣ ልጄ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው በአጥቢያው ተሰማ። ቄስ ኪዳነ አርሴማን መንገድ ላይ አግኝተዋት በለሆሳስ ገሠጿት። «ልጄ፣ ለሞተ ሰው ጸሎት ነው የሚያስፈልገው። እናቲቱ በተስፋ ታስረው ልጃቸውም ያለ ፍትሐት ቀረ። ሁለቱንም ያሰርሻቸው አንቺ እንዳትሆኚ።»

ይህ ቃል አርሴማን እንቅልፍ ነሣት። ረፋድ በመጣ ቁጥር ቢሮዋ ውስጥ መቀመጥ ያስፈራታል፤ አለማየትም አልቻለችም። ገጹን ትከፍታለች፤ ስሙ አለ። እሷ ስታየው እሱም በዚያ ወገን ሆኖ የሚያያት ይመስላታል።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሰማዩ ያለ ወጉ ጠቆረ። ጉም ወርዶ ከተማውን ሸፈነው፣ ካፊያም ጣለ። በዕውቀቱ ከዋዜማው ሰብሮት የነበረው ቁልፍ ያን ጠዋት አልተመለሰም። አርሴማ እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቀች፤ የለም። በማግስቱም ጉም ነበር፤ አልተመለሰም። በመጨረሻ የለቀቀው መሰላት፤ ደስ ሊላት ሲገባ አዘነች።

ከዚያ ሰማዩ ተገለጠ። ውርጭ የመታው ሜዳ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ቁልፉ ተመልሶ ተያዘ።

አርሴማ ከወንበሯ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ፀሐይዋ ፊቷን ሞቅ አደረገችው። ወዳጆ ወደ ዱር ሲወጣ የምትታጠፍ ትንሽ ሶላር ከቦርሳው አይለይም ነበር፤ ታብሌቱን የሚሞላው በእሷ ነው። ስልኩን አነሣች።

«በዕውቀቱ፣ ታብሌቱ ሰው ሳይነካው ገጹን መልሶ ሊቆልፍ ይችላል?»

ትንሽ አሰበ። «ይችላል። በነቃ ቁጥር፣ ኔትዎርክ ካገኘ፣ ይዞት የነበረውን መልሶ እንዲይዝ ነው የተሠራው። ለምን?»

«ሰው አይደለም የሚያበራው» አለችው። «ፀሐይ ናት።»

*

ጋሽ ይታየው ከጓሳ ጠባቂዎች ሁሉ አንጋፋው ናቸው። ወዳጆን በሐምሌ ሲፈልጉ ከአፋፉ ላይ የመጨረሻው ተመላሽ እሳቸው ነበሩ። አርሴማ የደረሰችበትን ስትነግራቸው በትራቸውን ተደግፈው በጥሞና ሰሟት።

«ጠዋት ፀሐይ የምታገኘው ቦታ ነው፣ ጋሼ። ቀትር ሳይደርስ ጥላ ይሆናል፤ ከሰዓት አንድም ቀን ተይዞ አያውቅም። ኔትዎርክም ይደርሰዋል።»

«ኔትዎርክ በዚያ ወገን ከቆላው ታወር ነው የሚመጣ። ታወሩ የሚታይበት ላይ ካልቆምሽ አይሠራም።» ዓይናቸውን ጨፍነው ገደሉን በሐሳባቸው የሚሄዱበት ይመስል ነበር። «ምሥራቁ ገደል እጥፋቱ ብዙ ነው። አብዛኛው በራሱ ትከሻ ይጋረዳል። ማለዳ የምትመታው፣ ታወሩም ፊት ለፊት የሚታይበት... ወፍ አይደርሴ ናት። ከአፋፉ ሥር እንደ መደብ የወጣች አንዲት የድንጋይ ደረጃ አለች፤ ከላይ ሆነሽ ብታጎነብሽ አትታይም።»

ገመድ ከያዙ ሁለት ጎልማሶች ጋር ገና ጎሕ ሲቀድ በፈረስ ተነሡ። ውርጩ ከፈረሶቹ ኮቴ ሥር ይንኮሻኮሻል። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች በየጉብታው ላይ እንደ ሰው ቆመዋል፤ አርሴማ ደጋግማ ሰው መስለዋት ደነገጠች። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ይታየው ሁሉንም አስቆሙና በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። ሣር የለበሰው መሬት እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ወደ ኋላ» አሉ ቀስ ብለው። «ከሥሩ ባዶ ነው። ውኃ በልቶታል።»

ከላይ ሲያዩት ምንም የማይመስል፣ ሣሩ የለመለመ፣ የድሮው መንገድ ያለፈበት መሬት ነበር። ከጫፉ አንዲት ስባሪ ብቻ ጎድላለች።

ጭላዳ ዝንጀሮ በሚወርድበት የጎን ጥግ፣ ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጋሽ ይታየው ወረዱ። አርሴማ «እኔም» ብላ ተከተለቻቸው። ጎልማሶቹ ከላይ ገመዱን ይዘው ቀሩ።

ደረጃዋ ጠባብ ናት። ከገደሉ ጋር በምትገናኝበት ወገን ዋሻ የመሰለች ጉድጓድ አለች። ወዳጆ እዚያ ውስጥ፣ የሱፍ ባናውን እንደተከናነበ፣ ድንጋዩን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ከክረምቱ ወዲህ በሕይወት እንዳልነበረ ለማወቅ መጠጋት አላስፈለገም። አንድ እግሩ ቀጥ ብሎ በእንጨት ታስሯል። ጋሽ ይታየው ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዚኦ ተሣሃለነ» አሉ። አርሴማ ልታለቅስ ፈልጋ እንባዋ አልመጣ አለ።

ታብሌቱ ከእሱ ራቅ ብሎ፣ ደረጃዋ ወደ ባዶው በምታበቃበት ጫፍ፣ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ተጠልሎ ነበር። ሶላሯ ከጎኑ ተዘርግታለች፤ ጠርዝ ጠርዟ ላይ ንፋስ እንዳይወስዳት ድንጋይ ተጭኗል። አቧራ የለባትም። የወፍ ኩስ የለባትም። አርሴማ እያየቻት ሳለ ፀሐይዋ ከቆላው ጭጋግ በላይ ብቅ አለችና ብርሃኗ ሶላሯን መታት። ትንሽ ቆይቶ የታብሌቱ አረንጓዴ መብራት በራ።

«ወድቆ እግሩ ተሰበረ፣ ተሳበና ይቺን ዘረጋ» አሉ ጋሽ ይታየው። «በሐምሌ ጉም። ፀሐይ ትወጣለች ብሎ። ፀሐይዋ ሳትደርስለት ቀረች።»

አርሴማ ሶላሯ ሥር ያለውን ሣር እያየች ነበር። ብርሃን አጥቶ ገርጥቷል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ግን ከሶላሯ ጎን፣ ባዶው ላይ፣ ሌላ የገረጣ ሣር ነበር፤ ልክ የሶላሯን ቅርጽ የያዘ። ከእሱም ቀጥሎ ሌላ፣ እንደገና ማቆጥቆጥ የጀመረ። ከእሱም ቀጥሎ ሌላ፣ ሊጠፋ የደረሰ። እያንዳንዱ ከቀደመው ትንሽ ትንሽ ዞሯል።

«ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆኖባት፤ «ይህን ያዩታል?»

ጋሽ ይታየው ቁጢጥ ብለው መሬቱን በመዳፋቸው ዳበሱት። መጀመሪያ ወደ ጠፋው ምልክት፣ ቀጥለው ሶላሯ አሁን ወዳለችበት፣ ከዚያ ወደ ፀሐይዋ አዩ።

«በሐምሌ ፀሐይ የምትወጣ በዚያ ነው» አሉ በጣታቸው ወደ ሰሜን ወገን እያመለከቱ። «በመስከረም ከዚህ ትወጣለች። አሁን በኅዳር ደግሞ ወደ ቀኝ ሄዳለች።» ጣታቸው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ተከትሎ ሶላሯ ላይ ቆመ።

«ጭላዳ ይሆናል የገፋት» አለች አርሴማ።

«የጭላዳ ዱካ የለም። ደግሞስ ጭላዳ ድንጋዩን መልሶ ይጭናል?»

ከላይ ጎልማሶቹ «ምን አገኛችሁ?» እያሉ ይጣራሉ። ጋሽ ይታየው ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። ወደ ወዳጆ ዞረው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ባናው ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታለች፤ ድሩ አንድም ቦታ አልተበጠሰም።

«እናቱ ይህን መስማት የለባቸውም» አሉ።

«እሺ።»

«እኔና አንቺም ብንሆን ባናወራው።»

*

ወዳጆ በደብሩ ተቀበረ። ወይዘሮ ዘነበች ሬሳው ሲመጣ አልጮኹም፤ ሬሳው ቤታቸው እንዲያድር ጠይቀው ከጎኑ ተቀመጡ። በማግስቱ ከፍትሐቱ በኋላ ግን እንደ ማንኛዋም እናት አለቀሱ፤ የአጥቢያው ሴቶችም ከክረምት ጀምሮ የያዙትን ለቅሶ አብረዋቸው ለቀቁት።

ከሰልስቱ በኋላ ቢሮ መጡ። «የያዘው ነገር ምን እንደሆነ አሳዪኝ» አሉ። አርሴማ ታብሌቱን አብርታ ገጹን ከፈተችላቸው፤ በዕውቀቱም በስልክ ነበር። ወዳጆ የድሮውን የወፍ አይደርሴ መንገድ ከካርታው ላይ አጥፍቶታል። በቦታው፣ ከአፋፉ እስከ ደረጃዋ ድረስ፣ ወፍራም ቀይ መስመር አስምሮ «ከሥሩ ባዶ ነው፣ ሰው አይለፍ» ብሎ ጽፏል። መሬቱ ከሥሩ ባዶ መሆኑን ማየት የሚቻለው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ሲታይ ብቻ ነው። የጻፈው ከወደቀ በኋላ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልደረሰንም?» አለች አርሴማ።

«የቆላው ኔትዎርክ ደካማ ነው» አለ በዕውቀቱ ተሰብሮ በመጣ ድምፅ። «ገጹ ትልቅ ነው፣ ሊያልፍለት አልቻለም። ስም ግን ትንሽ ናት። ቁልፉ ብቻ አለፈለት።» ትንሽ ቆየና «እኔ እኮ ያን መንገድ ሳዪው ብዬሽ ነበር» አለ።

አርሴማ የወዳጆን እርማት ወደ ሰርቨሩ ላከችው። ቀጥሎ የሚቀረው ቁልፉን መልቀቅ ነበር። ወደ ወይዘሮ ዘነበች ዞረች።

«የቱ ጋ ነው?» አሉ።

አሳየቻቸው። በአመልካች ጣታቸው ነኩት። ቀይዋ ምልክት ጠፋች።

ለብዙ ጠዋት አርሴማ ረፋድ ላይ ገጹን እየከፈተች ታይ ነበር። ክፍት ነው፤ ማንም አልያዘውም። ግን አልቀለላትም።

በጥር ጓሳ ተከፈተ። ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ በሰሜኑ መግቢያ ገባ፤ ጠባቂዎቹ በወፍ አይደርሴ አፋፍ ላይ የድንጋይ ካብ ክበው ስለነበር ወደዚያ ያለፈ ሰው የለም። አርሴማ ያን ቀን ወይዘሮ ዘነበችን ሜዳው ላይ አገኘቻቸው። ነዶ አጠገብ ተቀምጠው ያርፉ ነበር። አብራቸው ተቀመጠች።

«ልጄ» አሉ በኋላ፣ «አንቺ ወርደሽ አይተሽዋል። ብቻውን ነበር?»

«ብቻውን ነበር እማማ። ማን ይኖራል?»

ወይዘሮ ዘነበች ሣር እየመዘዙ በጣታቸው ያፍተለትሉ ነበር። «እግሩን የፈታሁለት እኔ ነኝ፤ ሲገንዙት። ሰው የራሱን እግር ሲያስር ቋጠሮውን ወደ ራሱ ነው የሚስብ። ወዳጆ ከልጅነቱ እኔ ስሠራ ያየ ነው፣ እንደሱ ነበር የሚያስር።» ቀና ብለው ወደ ገደሉ ወገን አዩ። «የእግሩ ቋጠሮ ወደ ውጭ ነበር። ያሰረው ሰው ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ ነው ያሰረው። ጥሩ እጅ ነው ያለው፤ እኔ እንኳን እንደዚያ አላስርም።»

ንፋሱ የቆመውን ጓሳ ሣር አስተኝቶ አለፈ። አርሴማ ለጋሽ ይታየው የገባችውን ቃል አሰበች። ከዚያ የወይዘሮ ዘነበችን ፊት አየች። ፍርሃት አልነበረበትም፤ ከክረምት ወዲህ አይታው የማታውቀው ዕረፍት ነበረበት።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔም ያልነገርኩዎት ነገር አለ።» ስለ ሶላሯና ስለ ገረጣው ሣር ትነግራቸው ጀመር።